ጠጠር፣ ኖራና ፊኛ፦ ስለ ልብ ደም ቅዳ ሕክምና ስያሜዎች

ለሙያ ቃል አቻ የሚፈልግ ሰው፣ የሚመርጠው ቃል በሰሚው ዘንድ አስቀድሞ የያዘውን ፍች መመርመር ይኖርበታል። ለዚህ የልብ ሕክምና ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ደም ቅዳዎች በዕድሜ ብዛት፣ በስኳር ወይም በኩላሊት በሽታ ምክንያት በግድግዳቸው ካልሲየም ሲከማች ይጠጥራሉ። አንድርያስ ግሩንትሲግ እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ላይ የጠበበ የልብ ደም ቅዳን ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ በገባ ፊኛ አስፍቷል። ይሁን እንጂ ክፉኛ የጠጠረ ግድግዳ ለተራ ፊኛ አይበገርም። ስለዚህ ሌሎች ስልቶች ተፈለሰፉ። በአንደኛው፣ በአልማዝ ቅንጣት የተለበጠች ትንሽ ራስ በደቂቃ ከ140,000 እስከ 180,000 ጊዜ እየዞረች ጠጣሩን ትሞርዳለች። በሌላው፣ ከፊኛው ውስጥ የሚነሣ የግፊት ሞገድ ጠጣሩን ይሰነጥቃል፤ መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1980 ለኩላሊት ጠጠር ሕክምና የዋለው ዘዴ ነው። ከዚያም ደም ቅዳው ይሰፋል፤ ስቴንት ይገባለታል።

እንግዲህ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ለመጣ አረጋዊ ገበሬ «በደም ሥርዎ ያለውን ጠጠር በፊኛ እንሰብራለን» ቢባል፣ ነገሩ ስለ ሽንት ሕመም ይመስለዋል። ፊኛ አስቀድሞ የሽንት ከረጢት ነውና። ጠጠሩም ተለቅሞ እንዲወጣ ይጠብቃል። የተሰነጠቀው ግን እዚያው ይቀራል፤ የተሞረደውም ልሞ ከደም ጋር ይሄዳል። ሰውየው ፈቃዱን የሚሰጠው ላልተረዳው ነገር ይሆናል።

«ኖራ» ቢባልስ? በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ለሚኖር ሰው የኖራ ድንጋይ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ በደም ቅዳ የሚከማቸው እንደ አጥንት ካልሲየም ፎስፌት ነው።

የተሻለው መንገድ ከራሱ ከ«ጠጠረ» ይገኛል። «ጠጠር» ስም ነው፤ ተነጥሎ ሊነሣ የሚችል ነገር ይሰይማል። «መጠጠር» የሁኔታ ለውጥ ይገልጻል። ሊጡ ጠጠረ ሲባል በውስጡ ድንጋይ አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ለሕመሙ «የደም ቅዳ መጠጠር»፣ ለስልቶቹ «መሞረድ» እና «በሞገድ መሰንጠቅ» የሚሉት ቢያዙ ይበጃል። ሞረድን ገበሬው ከማጭዱ ያውቀዋል። ፊኛም ብቻውን ሳይነገር «ማስፊያ ፊኛ» ይባል። ያን ጊዜ ለታካሚው እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «የልብዎ ደም ቅዳ ግድግዳ ጠጥሯል፤ ሞርደን እናሰፋዋለን፤ ተለቅሞ የሚወጣ ድንጋይ ግን የለም።»