ተረትና እውነታ፦ ሕዝበ ውሳኔ ዕዳን ያስቀራል?

መንግሥት በ2016 ክረምት ከአይኤምኤፍ ጋር ከተስማማ ወዲህ «ውሉ ለሕዝብ ድምፅ ቢቀርብ ኖሮ ይቀር ነበር» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ሐሳቡ ግን በግሪክ ተሞክሮ ውድቅ ሆኗል። ግሪኮች ሰኔ 28 ቀን 2007 በአበዳሪዎቻቸው ቅድመ ሁኔታ ላይ ድምፅ ሰጡ፤ 61 በመቶው «አይሆንም» አለ። ባንክ ተዘግቶ፣ ሰው ከኤቲኤም በቀን ከ60 ዩሮ በላይ እንዳያወጣ ተከልክሎ ሳለ ነው እንዲህ ያለው። በስምንተኛው ቀን ግን ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሲስ ሲፕራስ ያንኑ የመሰለ ጥብቅ ውል ተቀበሉ። ፓርቲያቸው ተሰነጠቀ፤ ያም ሆኖ በመስከረም 9 ቀን 2008 ምርጫ መልሰው አሸነፉ። የግሪክ መራጭ የሚያዘው የራሱን መንግሥት ነው፤ ገንዘቡን የሚሰጡት አገሮችም የየራሳቸው መራጭና ፓርላማ አላቸው። የጀርመን ፓርላማም በጉዳዩ ላይ ድምፅ ሰጥቷል።

በዚያው መስከረም 9 እኛ ዘንድ ደግሞ የቃሊቲው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። አብዛኛው ወጪው የተሸፈነው በቻይና ኤግዚም ባንክ የዶላር ብድር ሲሆን ትኬቱ ግን የሚሸጠው በብር ነው፤ ያኔ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የእኛ ችግር ከዚህ ይታያል። ታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ዘለለ። አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላሩን ብድር ያጸደቀውም በዚሁ ዕለት ነው። በመክፈቻው የ6 ብር ትኬት ብናሰላው፣ ለአንድ ዶላር 10 የማይሞላ ትኬት ይበቃ የነበረው በአንድ ቀን ከ12 በላይ ሆነ። ብንስማማም ባንስማማም ዶላሩን ከየት እንደምናመጣ የድምፅ መስጫ ወረቀት አይነግረንም።

«አይስላንድስ?» የሚል አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አይስላንዳውያን የወደቀ የግል ባንክ ያስከተለውን ዕዳ የመክፈል ስምምነት በሕዝበ ውሳኔ ሁለት ጊዜ ጥለው በፍርድ ቤትም ረትተዋል። ነገር ግን ክርክሩ መንግሥት የግል ባንክ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም የሚል ነበር። እኛ ግን ቦንዱን ራሳችን ሸጠናል፣ የባቡሩንም ብድር ራሳችን ፈርመናል።

ታዲያ ሕዝብ አፉን ይዝጋ ማለቴ አይደለም። ድምፁ ጉልበት የሚኖረው ገንዘቡ ሳይወጣ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የብድር ስምምነቶችም በአዋጅ ይወጣሉ። ወኪሉ እጁን ከማውጣቱ በፊት የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው፦ ትኬቱ በብር እየተሸጠ ዶላሩ ከየት መጥቶ ይከፈላል?