ፈረንሳይ የታዳሽ ኃይል ፈተናውን ለምን ወደቀች?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ ለአባል አገራቱ ከበድ ያለ የቤት ሥራ ሰጣቸው። በ2020 ከምትጠቀሙት ኃይል ቢያንስ ይህን ያህሉ ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከውሃ፣ ከባዮማስና ከመሳሰሉት ይምጣ አላቸው። የጋራ ግቡ 20 በመቶ ቢሆንም ለሁሉም እኩል አልተደለደለም። የየአገሩ መነሻና የኢኮኖሚ አቅም ታይቶ ለስዊድን 49፣ ለፈረንሳይ 23፣ ለማልታ 10 በመቶ ደረሳቸው።

ቀኑ ሲደርስ ኅብረቱ 22 በመቶ ገደማ አመጣ። ከ27ቱ አባላት ግቧን ያልመታችው ፈረንሳይ ብቻ ነበረች፤ ውጤቷ 19.1 በመቶ።

ግራ ያጋባል አይደል? ፈረንሳይ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታመነጨው ያለ ጭስ ነው። ነገሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። ግቡ ክፍልፋይ ነው፤ ታህቱ ላይ የሚገባው ደግሞ ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። በክረምት ቤት የሚያሞቀው ጋዝና መኪና የሚነዳበት ናፍጣ ሁሉ እዚያው ይደመራል። ላዕሉ ላይ የሚቀመጠው ግን ታዳሽ የተባለው ብቻ ነው። ኒውክሌር ካርቦን ባይለቅም ነዳጁ ዩራኒየም አላቂ ስለሆነ ታዳሽ አይባልም። ስለዚህ ከኒውክሌር የመጣው ኤሌክትሪክ ታህቱን ያሳድጋል እንጂ ላዕሉን አይነካም።

እንደ መሐንዲስ ደስ የሚለኝ ግን የውሃ ኃይል አቆጣጠሩ ነው። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ግድቡ ያው ሆኖ ምርቱ ይቀንሳል። ታዲያ አገር በድርቅ ትቀጣ? ሕጉ የ15 ዓመት አማካይ ይወስዳል፤ አንድ መጥፎ ዓመት ብቻውን አይጥልም።

ጎደሎን በግዢ መሙላትም ይቻላል። ሉክሰምበርግ በ2017 ከሊትዌኒያና ከኢስቶኒያ፣ ኔዘርላንድስም በኋላ ከዴንማርክ ለመግዛት ተዋዋሉ። የተሸጠው ኤሌክትሪክ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጥር ነው! ከሻጩ ሂሳብ ተቀንሶ ለገዢው ይጻፋል። ነገሩ ማጭበርበር ሊመስል ይችላል። ግን ሻጩ ትርፍ ያገኘው በእውነት ስላመነጨ ነው፣ የኅብረቱም ድምር አይለወጥም።

የ2030ው ግብ 42.5 በመቶ ደርሷል። አሁን ግን ግዴታው የኅብረቱ የጋራ ነው። እያንዳንዱ አገር ከ2020 ግቡ በታች መውረድ አይችልም፤ ከዚያ በላይ የሚያዋጣውን ድርሻ ግን ራሱ ያቀርባል፣ ኮሚሽኑም ካነሰበት ጨምሩ ብሎ ይመክራል። እኔ በበኩሌ የድሮውን እመርጣለሁ፤ ድምሩ ቢጎድል ቢያንስ የማን ክፍልፋይ እንደጎደለ በስም ይታወቅ ነበር።