የድሮ ሸክላ በስንት ይዞራል? በየትኛው ቅኝትስ ይዘፈናል?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉ ሠፈሮች፣ በሠርግና በድግስ ላይ የሚጫወቱ ወጣት ሙዚቀኞች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ወጣቶች የ1960ዎቹን የዳንስ ባንዶች ሥራ ለመለማመድ ስልካቸውን ከፍተው ኪቦርዳቸውን ሲነኩ ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማቸዋል። ዘፈኑ ከኪቦርዱ ድምፆች በአንዱም ላይ በትክክል አያርፍም፤ ከአንዱ ከፍ፣ ከሌላው ዝቅ ብሎ መሐል ላይ ይቀራል። ሌላ ቅጂ ሲፈልጉ ደግሞ ያው ዘፈን ፈጠንና ቀጠን ብሎ ይመጣል።

የችግሩ ሥር ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት ነው። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው እስከ 1975 ያሳተሟቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞሩ ትናንሽ ሸክላዎች የወጡ ነበሩ። ሸክላ ከተወሰነለት ፍጥነት በጥቂቱ ሲያፈነግጥ የዘፈኑ ፍጥነትና የድምፁ ከፍታ አብረው ይለወጣሉ። መዞሩ በ6 በመቶ ገደማ ከፈጠነ ድምፁ በግማሽ ቶን ከፍ ይላል፤ በደቂቃ 120 የነበረው ምት ወደ 127 ይደርሳል። ለዳንሰኛው ይህ ልዩነት ብዙም ላይሰማው ይችላል፤ ለዘፋኙ ግን ጉሮሮን የሚፈትን ነው።

ሸክላው በካሴት ከተተካ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ከካሴት ወደ ካሴት በተቀዳ ቁጥር የየማጫወቻው ስህተት በቀደመው ላይ ይደረባል፤ ባትሪው የደከመ ቴፕም የራሱን ያክላል። የኤሌክትሪክ መስመሩም ድርሻ አለው። የኢትዮጵያ መስመር 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተሠራና ሞተሩ የመስመሩን ድግግሞሽ ተከትሎ የሚዞር ማጫወቻ እዚህ ሲሰካ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፤ ድምፁም በሦስት ግማሽ ቶን ያህል ይወፍራል። ትራንስፎርመር የሚያስተካክለው ቮልቱን ብቻ ስለሆነ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

ደግነቱ ይኸው መስመር ምስክርም ይሆናል። በቀረጻ ጊዜ ከኤሌክትሪኩ ወደ ድምፁ የገባ ስስ ጉርምርምታ በ50 ወይም በእጥፉ በ100 ኸርዝ ላይ ይገኛል። በቅጂው ላይ 53 ሆኖ ከተገኘ ቅጂው በ6 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው። ጉርምርምታው ሙዚቃው ሳይጀምር በባዶው ፈር ላይም የሚሰማ ከሆነ ግን ከማጫወቻው የመጣ ሊሆን ስለሚችል አያስተማምንም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ በቀረጿቸው አልበሞች ደግሞ የሚፈለገው ቁጥር 60 ነው።

ሌላው ምስክር መሣሪያው ነው። ክራርና ማሲንቆ በየጊዜው ይቃኛሉና ለዚህ ጉዳይ አይጠሩም። ሙላቱ የሚጫወቱት ቫይብራፎን ግን ድምፁ በፋብሪካ የተወሰነ የብረት ዘንግ ነው፤ ሙዚቀኛው ከፍና ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ቫይብራፎን ያለበት ቅጂ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ካለ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ቅጂው ነው። ጥሩንባና ሳክስፎንም ፍንጭ ይሰጣሉ። የእኛ ዘመናዊ ሙዚቃ ያደገው በነፋስ መሣሪያ ባንዶች ነው፤ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው 40 አርመናውያን ወጣቶች አንሥቶ እስከ ክብር ዘበኛና ፖሊስ ኦርኬስትራዎች ድረስ። በሲ ፍላት ለተቃኙ ጥሩንባዎችና ቴነር ሳክስፎኖች በሚ ሜጀር የሚጻፍ ዘፈን ስድስት ሻርፕ ያሸክማቸዋል። ዘፋኙ ለድምፁ ብሎ ካልመረጠው በቀር አቀናባሪው ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ቅጂው እዚያ ላይ ካረፈ ትክክለኛው ግማሽ ቶን ወደላይ ወይም ወደታች ሊሆን ይችላል።

ፍጥነቱ ተስተካክሎም ቢሆን "በደቂቃ ስንት ምት?" የሚለው ጥያቄ አላለቀም። ጭክጭካው በስድስት ፈጣን ምቶች የተሠራ ነው። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት ለሚቆጥር ሰው በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን፣ ሁለት ሁለት አድርጎ በሦስት ለሚቆጥረው 180 ይሆናል። ከበሮው በአንዱ፣ አጨብጫቢው በሌላው ሊሄድ ይችላል፤ የጭክጭካ ውበትም አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይጽፋል፤ አቆጣጠሩ ካልተነገረ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የቁልፉ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ሜጀርና ማይነርን ነው፤ የእኛ ዘፈን ደግሞ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ይቃኛል። ኪቦርድ ያለው አንባቢ ይህን በነጮቹ ቁልፎች ብቻ መሞከር ይችላል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ትዝታ ሜጀር ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምረው ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብለው ቢጫወቱ ባቲ ማይነር ይሆናል። እንደዚሁ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ትዝታ ማይነር ሲሆን ከሚ ተነሥቶ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ሲባል አምባሰል ነው። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ ቤታቸው ግን ለየቅል ነው። የትኞቹ ድምፆች እንደተሰሙ ብቻ ቆጥሮ የሚፈርድ መሣሪያ አምባሰሉን "ላ ማይነር" ብሎ ቢመዘግበው የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ያንን አምኖ በላ ማይነር አኮርድ የሚያጅብ ወጣትም ዘፈኑን ሳያውቅ ወደ ትዝታ ይወስደዋል።

ዛሬ ይህን ጠይቆ ለመረዳት ጊዜው እየጠበበ ነው። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ2016፣ አቶ አምሃ እሸቴና ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ በ2021 ዐርፈዋል። ሸክላዎቹ ግን አሉ፤ ጆሮም አለ። ቤቱን ለማግኘት የዘፈኑን መጀመሪያ ትቶ መጨረሻውን መስማት ይበጃል፦ ድምፃዊው ስንኙን ሲዘጋ የሚያርፍበትን፣ ባሱም ከዙሩ ሁሉ በኋላ ተመልሶ የሚረግጠውን ድምፅ። በቅጂው ላይ መጻፍ ያለበት ያ ድምፅና የቅኝቱ ስም፣ ከጎኑም ሸክላው ሲቀዳ የዞረበት ፍጥነት ነው።