የአባባን ያማሃ ማን ገደላት?

እኔ ነኝ። ለዓመታት ዝም አልኩ እንጂ ገዳይዋ እኔ ነኝ።

አባባ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። አሮጌዋን ያማሃ ዲቲ 125 መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግዳት ገዛት። በአቀስታ ውርጭ፣ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርቦ፣ የገጠር ቀበሌዎቹን ያዳረሰው በእሷ ነው። ድምጿ ከሩቅ ሲሰማ ልጆች «ዶክተሩ መጣ!» እያሉ ይሮጡ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ እሱ ለስብሰባ ደሴ ሲወርድ ቁልፏን ሰረቅኩ። ቤንዚን ሞላሁና ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ለቀቅኳት። ዳገቱ ላይ ድምጿ ቀጠነ፤ ወዲያው የኋላ ጎማዋ ቀጥ ብሎ ቆመና ጠጠሩ ላይ ተንሸራተትኩ። እየገፋሁ መለስኳት። አባባ ሲመጣ «አልነሳ አለች» አልኩት። መርገጫውን ሞከረው፣ ንቅንቅ አልል አለው። ምንም አልጠየቀኝም። ሸራ አለበሳት፤ ከዚያ በኋላ ዶሮዎች እንቁላል ጣሉባት።

ያጠፋሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ በስልኬ ቪዲዮ ሳይ ነው። ዛሬ መንገዱን የሞሉት ቦክሰርና ቲቪኤስ ፎር ስትሮክ ናቸው፤ ዘይታቸው ከሞተሩ ሥር ተጠራቅሞ ደጋግሞ ይዞራል። ዲቲ ግን ቱ ስትሮክ ናት። ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር እያቃጠለች ነው የምትሄደው። ለብቻው የዘይት ጋን አላት፣ ከዚያ ትንሽ ፓምፕ እየመጠነ ያቀብላታል። ጋኑ ባዶ ከሆነ ፒስተኑ በደረቁ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ ከቺሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። እኔ ደግሞ ያየሁት የቤንዚኑን ጋን ብቻ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሸራውን ገለጥኩ። መካኒክ አይደለሁም። የነበረኝ የተዋስኩት የመፍቻ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን መደርደሪያ የሚሆን የእንቁላል ካርቶንና ስልክ ነው። ሕጌ አንድ ነበር፦ ፎቶ ሳላነሳ ምንም አልፈታም። ከ200 በላይ ፎቶ ባላነሳ ኖሮ ዛሬም የት እንደሚገቡ የማላውቃቸው ብሎኖች ይዤ እቀመጥ ነበር። ጀማሪነቴ ሲያሳፍረኝ የምጽናናበትም አገኘሁ። ያማሃ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ አርማው ላይ ያሉት ሦስት ሹካዎች ድምፅ መቃኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉ ደግሞ ዲኬደብልዩ ከተባለው የጀርመን ሞተር የተኮረጀ ነው። እነሱም ከሰው ሞተር ነው የተማሩት!

የመጀመሪያ ጣጣዬ ቋንቋ ነበር። ቪዲዮው «ፒስተን ሪንግ» ይላል። ደሴ ዕቃ መሸጫ ገብቼ እንደዚያ ስል ሻጩ «ፋሻ በለኝ እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ። ካንዴላ፣ ቢየላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ የጋራዡ አማርኛ ከጣሊያን የቀረ ነው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት መሆኑን ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው።

ቴስታታው ሲነሳ ቺሊንደሩ በማርሚታው በኩል ድመት የቧጨረው ይመስላል። ደሴ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሽማግሌው ባለሙያ ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱና «ይሄ የዘይት ጥም ነው። ማን ነው የነዳት?» አሉኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

«አብሽር፣ ልጄ። በ50 ትወጣለች። ግን መጀመሪያ ፒስተኑን ግዛና አምጣ፤ በእሱ ልክ ነው የምቆፍርልህ።»

በ50 ማለት 56 ሚሊ ሜትር የነበረውን ቀዳዳ ወደ 56.5 ማስፋት ነው። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል የሚተርፈው ክፍተት ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ስለዚህ ፒስተን ሳይዙ ማስቆፈር በግምት ጫማ እንደ መግዛት ነው።

መግጠሙ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያገናኘውን ፒን በሁለት በኩል የሚቆልፍ ስስ የሽቦ ቀለበት አለ። ቪዲዮው «ከታች ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈን» ይላል፤ እኔ አልደፈንኩም። ቀለበቱ ከጣቴ አፈትልኮ ጭው ወዳለው የሞተሩ ሆድ ገባ። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ያወጣኋትን ቁራጭ ማግኔት በክር አስሬ ከሰዓቱን ሙሉ ሳጠምድ ዋልኩ። ሲመሽ ወጣ።

ፓምፑ ውስጥ አየር ቢኖርስ ብዬ ለመጀመሪያው ጉዞ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቀልኩ። ላብ እስኪያጠምቀኝ ረገጥኳት። ተነሳች! ነገር ግን ታንቃ፣ እየሳለች። ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ ረጥቧል። እንደገና ልፈታው ነበር፤ ለካ ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም። አቀስታ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን ለቆላ አየር በሚበቃው ልክ ይለቃል። የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረግኩ። በማግሥቱ ካንዴላው የቡና ቀለም ይዞ ወጣ፤ የተፈለገውም እሱ ነው።

አባባ ከገበያ ሲመለስ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞልቶ ጠበቀው። ቀስ ብሎ ዞራት፣ እጀታዋን አልነካም፣ ኮርቻዋ ላይ አልወጣም። ጎንበስ ብሎ የዘይቱን ጋን ክዳን ከፈተ፣ ጣቱን ነክሮ አሸተተው።

«አሁንስ ሞልተሃል» አለኝ።