ብረት የማይናገረው ታሪክ

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባበረከቱት ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ንብረት ስለ ራሱ አይናገርምና መዝገብ ይናገርለታል።

ብረታ ብረትም እንዲሁ ነው። ከማዕድን የተመረተውና ከቁርጥራጭ ዳግም የቀለጠው አሉሚኒየም አተሞቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለተኛው የሚፈጀው ኃይል ግን የመጀመሪያውን 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በቤተ ሙከራችን ከብረቱ ላይ ልናነበው አንችልም።

ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ከ2027 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች የካርቦን ልቀታቸውንና የተሠሩበትን ብረት የሚያስነብብ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖራቸው ወስኗል።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። በምትካቸው የገቡት መኪኖች ባትሪ ሲያረጅ፣ ኮባልት ይኑረው አይኑረው ሳንፈታው የሚነግረን መዝገቡ ነው። መዝገቡ ግን የሚታመነው መርምሮ የሚያረጋግጥ ባለሙያ ሲኖረን ነው።