በቡፌው መሳቢያ ውስጥ የነበሩት ሦስት ደብዳቤዎች

አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ስኳር ፍለጋ የቡፌውን መሳቢያ ስከፍት ሦስት ፖስታ አገኘሁ። ሁለቱ ጭራሽ አልተከፈቱም። ሦስተኛው ተነቦ ተመልሶ ታጥፏል። ሁሉም ከባንክ ናቸው። አየችኝና «ተወው፣ ስኳሩ ኩሽና ነው ያለው» አለችኝ።

ኮንዶሚኒየሙ ከደረሳት ስምንት ዓመቷ ነው። የ20/80 ቤት ነው፤ 20 በመቶውን ቆጥባ ከፈለች፣ የቀረው የባንክ ብድር ነው። የምትሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች። ውዝፉ ስድስት ወር ደርሷል። የተከፈተው ደብዳቤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ከ30ው ቀን ደግሞ 19ኙ አልፏል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር የዋጋ ንረት ባለዕዳን ይጠቅማል ይሉን ነበር። ልክ ነው፣ ዕዳው የተጻፈው በብር ስለሆነ ብር ሲረክስ ዕዳውም ይቀላል። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብዙ የድሮ ብድር በዚህ መንገድ ቀሏል። ይህ ግን የሚሠራው ገቢህ አብሮ ሲያድግ ነው። ገቢው የቆመበት ሰው መጀመሪያ ጤፍና ዘይት ይገዛል፣ ለባንኩ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። አይተርፍማ!

አክስቴ «ፍርድ ቤት ሳይከሱኝ ቤቴን አይነኩም» ብላ ታምን ነበር። ብቻዋን አይደለችም፣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ተራ አበዳሪ ቢሆን ኖሮ እውነቷን ነበር። ለባንኮች ግን አዋጅ ቁጥር 97/1990 ሌላ በር ከፍቶላቸዋል። በብድር ውሉ ላይ ከተስማማህ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እኛ ደግሞ ውል የምንፈርመው ቁልፉን እያሰብን ነው፣ ማን ያነበዋል? እርግጥ ባንኩም እንደፈለገ አይሸጥም። የሐራጁን ሥርዓት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ተከትሎ ማካሄድ አለበት፤ ከዚያ ወጥቶ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል። ዕዳው ተከፍሎ የተረፈ ገንዘብ ካለም የባለቤቱ ነው።

«የተረፈው» የምትለዋ ቃል ታጽናናለች፤ ስንት ይተርፋል የሚለው ነው ጥያቄው። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የሐራጅ ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከመሬት ገበያ ዜና ይልቅ እሱን አነባለሁ። ሠንጠረዡ ላይ ተበዳሪ፣ አስያዥ፣ የካርታ ቁጥር፣ መነሻ ዋጋ ይደረደራል። (የተበዳሪውና የአስያዡ ስም ሲለያይ፣ ለልጁ ብሎ ቤቱን ያስያዘ አባት ይሆን እያልኩ ሆዴ ይባባል።) ከሥሩ ያለው ደንብ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን 25 በመቶ በሲፒኦ ያስይዛል፣ ያሸነፈው ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል። በ15 ቀን ውስጥ ያን ሁሉ ብር ማውጣት የሚችል ስንት ሰው አለ? ገዢው ጥቂት ሲሆን ዋጋው አይወጣም። ያው ቤት ባለቤቱ በእጁ ይዞት፣ ደላላ ነግሮ፣ ሁለት ሦስት ወር ቢታገሥ የተሻለ ያወጣ ነበር። አክስቴ ደብዳቤ በደበቀች ቁጥር ያጣችው ይህንን ወር ነው።

ባንኩም ቢሆን ቤቱን ፈልጎት አይደለም። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከተበላሹት ተርታ ይመደባል፣ ባንኩም መጠባበቂያ እንዲይዝለት ይገደዳል። ስለዚህ ፊት ለፊት ቀርቦ «አሁን ይህን ያህል አለኝ፣ የቀረውን እንዲህ አድርጌ እከፍላለሁ» የሚለውን ሰው ለማናገር የራሱ ምክንያት አለው። የመክፈያ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። በነፃ አይደለም፣ ጊዜው ሲረዝም ወለዱም ይጨምራል። መሸጥ ካልቀረም ኮንዶሚኒየም የማይሸጥበት አምስት ዓመት ካለፈ፣ ባንኩን አስፈቅዶ ከገዢው ገንዘብ ዕዳውን እየዘጉ ራስ መሸጥ ይሻላል። ከአራጣ አበዳሪ ወስዶ ውዝፍ መክፈልን ግን ኧረ በፈጠራችሁ!

ሰኞ ጠዋት አብረን ሄድን። ሌሊቱን አልተኛችም። ሠራተኛዋ ፋይሉን አውጥታ መጀመሪያ የጠየቀችው «ስንደውል ለምንድነው የማያነሱት?» የሚል ነበር።

አክስቴ «ቁጥሩን ስለማውቀው ነዋ» አለች። ሠራተኛዋ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን።

እናቴ የወጣላትን ዕቁብ ሰጠቻትና የሦስት ወሩ ውዝፍ በአንዴ ተከፈለ። ለቀሪው ማመልከቻ ጻፍን፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተፈቀደ፤ ማስጠንቀቂያው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ቤቱ አሁን ተከራይቷል፣ ኪራዩም በቀጥታ ወደ ብድሩ ሒሳብ ይገባል። አክስቴ እኛ ጋ ከእህቴ ጋር አንድ ክፍል ትተኛለች። እስከ መቼ እንደሆነ አንጠይቃትም፣ እሷም አትነግረንም። ቡፌው በራችን አልገባ ስላለ ለተከራዮቹ ተትቶላቸዋል።