ተማሪው ሲመረቅ ጥናቱ የት ይቀራል?

በአዊ ዞን በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ የምትባል ቀበሌ አለች። በ2006 ዓ.ም. በዚህች ቀበሌ የተጀመረ አንድ የውሃ ጥናት፣ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድና ለመመረቂያ ጥናት የሚቀበሉ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሁሉ በቅርብ ሊያውቁት የሚገባ ነው። ይኸውም ተማሪ ከሩቅ መጥቶ ለክቶ የሄደበት ጥናት ስላልሆነ ነው። ለኪዎቹ የቀበሌው ገበሬዎች ራሳቸው ነበሩ።

ጥናቱን የጀመሩት የእንግሊዝ አገሩ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ለዶክትሬት ዲግሪው የሚያጠና ተማሪ ነበር። ማወቅ የፈለጉት በአካባቢው በእጅ የሚቆፈሩት ጉድጓዶች ለመስኖ ምን ያህል ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ነው። ለዚህም ሥራ አንድ የዝናብ መለኪያ፣ በሁለት ወንዞች ላይ የውሃ ከፍታ ማሳያ፣ ከዚህም ሌላ የሚለኩ አምስት ጉድጓዶች ተመረጡ። ዝናቡ በየቀኑ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ይነበባል። ወንዞቹ ንጋት 12 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት ይታያሉ። የጉድጓዶቹ ውሃ ጥልቀት በየሁለት ቀኑ ይለካል። መዝጋቢዎቹ በፈቃዳቸው የተሰለፉ የቀበሌው ነዋሪዎች ናቸው።

ገበሬ የጻፈው ቁጥር ይታመናል ወይ የሚል ጥርጣሬ መነሣቱ የማይቀር ነው። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ጥያቄ አንሥተው የገበሬዎቹን መዝገብ ከመደበኛ የአየር ጠባይ ጣቢያዎች መዝገብ ጋር አስተያዩት። ውጤቱን በ2008 ዓ.ም. በታወቀ የውሃ ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲያወጡ፣ የገበሬዎቹ ልኬት ጥራቱ ከፍተኛ መሆኑን፣ የአካባቢውን ዝናብ በማሳየትም በሳተላይት ከሚገመተው የተሻለ ሆኖ መገኘቱን ገለጡ። በብዙ ገንዘብ ወደ ሰማይ የተላከውን መሣሪያ አንድ ጣሳ የሚያህል የዝናብ መለኪያ በለጠው ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጊዜ ሰሌዳና የገበሬው የጊዜ ሰሌዳ አይገጥሙም። ተማሪው መረጃ ለመሰብሰብ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ሰኔ ሲገባ ጽሑፉን አስረክቦ ይመረቃል። የዳንግላና የእንጅባራ ምድር ዝናብ ግን ዋናው ክፍል የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ስለዚህ አፈሩ የሚታጠብበት፣ ወንዙ የሚሞላበት፣ ጉድጓዱም የሚጠግብበት ወቅት ተማሪው ከሄደ በኋላ ነው። በመስከረም ጥልቀቱ ምን ያህል እንደነበረ ያልተመዘገበ ጉድጓድ፣ በመጋቢት ሲጎድል ምን ያህል እንደጎደለ ማንም ሊናገር አይችልም። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው እዚያው የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

ለገበሬው ደግሞ ጉዳዩ የሚቆምበት የዲግሪ ጉዳይ አይደለም። በአንድ መንደር አምስት ሰዎች ፓምፕ ቢገዙና ስድስተኛውና ሰባተኛው ቢከተሏቸው፣ በሚያዝያ የሁሉም ጉድጓድ አብሮ ይደርቃል ወይስ አይደርቅም? የሽንኩርት ችግኝ ከተተከለ በኋላ ከሆነ የሚታወቀው፣ የተበደረው ገንዘብ ከማሳው ጋር ደረቀ ማለት ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት የጉድጓድ መዝገብ በእጁ ያለው ማኅበር ግን ብድሩ ከመፈረሙ በፊት መክሮ ሊወስን ይችላል።

ዳንግሽታ ከዚህ ጥናት በኋላም የተማሪ እግር አልተለያትም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በአነስተኛ መስኖ ፕሮጀክት ሥር በገመድ መሳቢያና በፀሐይ ኃይል ፓምፕ፣ በጓሮ አትክልትም በጠብታ መስኖ ላይ ጥናት አካሂደውባታል። በዞኑም በእንጅባራ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ከተከፈተ ወዲህ ተማሪው ከበፊቱ ይበልጥ ቀርቧል።

ተማሪን ወደ ገጠር መላክ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ተሰማርተው፣ የካቲት 25 ቀን የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬው በማስረዳትና የገበሬ ማኅበራትን በማደራጀት ተካፍለዋል። የያኔዎቹ ሊያስተምሩ ሄዱ። የዛሬው ግን መጠየቂያ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ከገበሬው ሊማር ነው። በመሆኑም ዕዳው በማን በኩል እንዳለ ሊዘነጋ አይገባም።

ቅሬታው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ስንት ከብት አለህ፣ ስንት ኩንታል አገኘህ፣ ማዳበሪያ በስንት ገዛህ እየተባለ በአንድ ዓመት በሁለትና በሦስት ተማሪ ሲጠየቅና ከማንኛቸውም መልስ ሳያገኝ ሲቀር፣ አራተኛው ሲመጣ ቁጥሩን እንዳፈተተው ይናገራል። ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ ያሳንሳል፣ እርዳታ ሊመጣ ነው ብሎ ያበዛል። ከዚያ በኋላ ጥናቱ ለተማሪውም ለገበሬውም የማይበጅ ወረቀት ይሆናል። ቋንቋም ሌላው ችግር ነው። በአዊ በብዙ ቀበሌዎች የቤት ቋንቋ አውኚ ሲሆን፣ በአማርኛ የተጻፈ መጠየቂያ በአስተርጓሚ ሲያልፍ ትርጉሙ የሚዛባበት ጊዜ አለ። በተለይ እናቶች በሚጠየቁበት ጊዜ አውኚ አዋቂ አብሮ እንዲገኝ ማኅበሩ ቢያሳስብ ተማሪውን ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

የገበሬው ሥራ ራሱ የጥናት ምንጭ መሆኑን ለማየት ወደ ፋግታ ለኮማ ማቅናት ይበቃል። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች የዲከረንስ ችግኝ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር ይተክላሉ። ከሰብሉ በኋላ በዛፉ ሥር ሣር ያጭዳሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጠው ከሰል ካከሰሉ በኋላ መሬቱን መልሰው ያርሱታል። ይህ አሠራር ገበሬው በማሳው ላይ እየሞከረ ያዳበረው ሲሆን፣ ከባሕር ዳርና ከጃፓኑ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በወረዳው በጉደር ተፋሰስ ስለ መሬት አጠቃቀሙና ስለ አፈር መሸርሸሩ ሰፊ ጥናት አካሂደዋል። በቅርብ ዓመታት ግን ዲከረንሱን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ የብዙ ቤተሰብ ገቢ አናግቷል። በሽታው በየትኛው ጎጥ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ዓመት ዛፍ ላይ እንደታየ የሚያሳይ የቀበሌ መዝገብ ቢኖር ለእፅዋት ሳይንስ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የጥናት ርእስ ከየት ይገኛል? የባንጃ ገበሬም የአፈሩን ኮምጣጣነት ለማከም ለየማሳው ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ ጠይቆ መልስ የሚሻ ነው። ርእሱን ተማሪው ብቻ ይዞ መምጣት የለበትም፤ ማኅበሩም ሊሰጠው ይችላል።

ታዲያ ተማሪው የትብብር ደብዳቤውን ይዞ ሲቀርብ የማኅበሩ መሪዎች ጥናቱ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚጠየቅ፣ ከዚህ በፊት በዚያው ርእስ የተጠና መኖር አለመኖሩን ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ገበሬው መልስ ላለመስጠት መብት እንዳለው በስብሰባ ይነገር። አጨዳና ውቂያ በሚጣደፍበት ሳምንት ቃለ መጠይቅ ባይያዝ ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ያገኘውን በጉባኤ እንዲያስረዳ፣ ከተመረቀም በኋላ ውጤቱን በአንድ ገጽ አሳጥሮ ለቀበሌውና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው እንዲልክ ቃል ማስገባት ያስፈልጋል። መቶ ገጽ የሆነው መጽሐፍ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ማሞቁ ያልቀረ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የዩኒቨርሲቲዎችን ትምህርት ባስተጓጎለ ጊዜ፣ ተማሪ ብቻ የሚለካው ነገር ሳይለካ መቅረቱ እንደማይቀር ታይቷል። መንገድ በተዘጋ ጊዜም ቢሆን ዝናቡ ይዘንባል፣ ጉድጓዱም ይጎድላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ለጉድጓድ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትና በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ ይበቃል። ልኬቱ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ከጉድጓዱ አፍ፣ በማለዳ ውሃ ከመቀዳቱ በፊት መሆን አለበት፤ ከተቀዳ በኋላ የተለካው ጥልቀት ያሳስታል። የዝናብ መለኪያው ከዛፍና ከቤት ጣራ ራቅ ብሎ፣ ከብት በማይደርስበት ቦታ ይተከላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ቃዳ ወይም በሩብ ሄክታር መሬት ላይ 2500 ሊትር ውሃ መሆኑን መዝጋቢው ካወቀ ቁጥሩ ትርጉም ይኖረዋል። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ልኩና የለካው ሰው ስም ይጻፋል። ያልተለካበት ቀን ባዶ ይተዋል እንጂ በግምት አይሞላም። ደብተሩ ሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ለሚመጣው ተማሪ ይሰጣል።